የአርጎን ብየዳ በትርፍ ጊዜ፦ ከሽቦው በፊት ኩሬው

አዲስ ሕንፃ ውስጥ የስቴንለስ የደረጃ መደገፊያ ሲበየድ ቆም ብላችሁ አይታችሁ ይሆናል። እንደ ኤሌክትሮድ ብየዳ እሳት አይረጭም። በያጁ በአንድ እጁ ቶርች (እሳቱ የሚወጣበትን የብየዳ እጀታ)፣ በሌላው ቀጭን ሽቦ ይዞ ጠብ እያደረገ ይሄዳል። ሲጨርስ ስላግ (ብየዳው ላይ የሚረጋውን ቅርፊት) የሚያራግፍበት መዶሻ አያነሳም። ሳንቲም በሳንቲም ላይ የተደረደረ የሚመስል መስመር ብቻ ይቀራል።

የሙያው ስም ቲግ ነው። እኛ ጋ ብዙ ሰው «አርጎን» ብሎ ይጠራዋል። የእኔ እንጀራ የቢሮ ሥራ ነው። ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ጠዋት ግን ግቢዬ ጥግ ካለችው የብረት ጠረጴዛ አልጠፋም። ይህን የምጽፈው እንደኔ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ነው። አንድ ነገር ቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ ብዙ ብረትና ብዙ ጋዝ ይተርፈኝ ነበር። ቲግ የሚለመደው ሽቦ በመጨመር አይደለም። የቀለጠውን ብረት በማየት ነው። ሌላው ዝግጅት ሁሉ እሱን በደንብ እንድናይ ነው።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ቶርቹ ውስጥ የተሳለ የተንግስተን ዘንግ አለ። ተንግስተን የሚቀልጠው 3,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ ነው። ስለዚህ ራሱ ሳይቀልጥ ከጫፉ በሚዘለው የኤሌክትሪክ እሳት ከፊቱ ያለውን ብረት ያቀልጣል። ብረቱ 1,500 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጥና ትንሽ ኩሬ ይሠራል። በተንግስተኑ ዙሪያ ካለው የሴራሚክ አፍ የሚወጣው አርጎን ኩሬውን ይሸፍነዋል። አየር አይደርስበትም። ሽቦ ካስፈለገ በሌላው እጅ ይጨመራል።

ዘዴውን ለሥራ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካ ውስጥ በኖርዝሮፕ የአውሮፕላን ፋብሪካ የነበረው ረስል ሜሬዲዝ ነው። መበየድ የፈለገው ማግኒዥየም ነበር። ማግኒዥየም ቀልጦ አየር ካገኘ በእሳት ይያያዛል። እሱም በሂሊየም ሸፈነው። ጋዙ በኋላ በብዙ ቦታ በአርጎን ተተካ። ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ አየርን ከቀለጠ ብረት ማራቅ። ብየዳችሁ ሲበላሽ ሁልጊዜ መጀመሪያ «አየር በየት ገባ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ማሽኑ

ለጀማሪ ከ160 እስከ 200 አምፒር የሚሰጥ፣ በዲሲ (አቅጣጫው በማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ) የሚሠራ ኢንቨርተር፣ ማለትም ቀላል ኤሌክትሮኒክ የብየዳ ማሽን፣ ይበቃል። ብረትና ስቴንለስ በእሱ ይበየዳሉ። አሉሚኒየም ኤሲ (አቅጣጫው የሚገለባበጥ ኤሌክትሪክ) ይፈልጋል። ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ የሚቀልጠው ከ2,000 ዲግሪ በላይ ሲሆን ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ያን ቅርፊት የሚያጸዳው የኤሲው መገለባበጥ ነው። ኤሲም ዲሲም ያለው ማሽን ዋጋው በጣም ይወደዳል። የእኔ ምክር አሉሚኒየምን ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት ነው።

ስትገዙ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው ሳይነካ የሚጭር መሆኑ ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ተንግስተኑ ብረቱን ሳይነካ እሳቱ ይዘላል። ሁለተኛው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጋዙ ለጥቂት ሰከንዶች መፍሰሱን የሚቀጥል መሆኑ ነው። በልብ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ያለው ሰው ግን ከማንኛውም ብየዳ በፊት፣ ይልቁንም ሳይነካ ከሚጭር ማሽን በፊት፣ ሐኪሙን ያማክር።

ቤታችሁ ትንሽ የኤሌክትሮድ ኢንቨርተር ካለ አዲስ ማሽን ሳትገዙም መጀመር ይቻላል። የጋዝ መክፈቻው እጀታው ላይ የሆነ ቶርች ትገጥሙለታላችሁ። ተንግስተኑን ነካ አድርጎ በማንሳት ይጫራል። ምቾት የለውም። ለመማር ግን ይሆናል።

መብራቱ ብዙ ሰው ያስፈራዋል። በ80 አምፒር ስትበይዱ እሳቱ ላይ የሚውለው ኃይል 1 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። የማሽኑን ብክነት ስትጨምሩበትም ከእንጀራ ምጣድ በጣም ያነሰ ነው። በ160 አምፒር ስትሠሩ ግን የምጣድ ያህል ይስባል። ምጣዱን የሚችል የራሱ መስመርና ብሬከር ያለው ሶኬት ከሆነ ይበቃል። ምጣዱ ተሰክቶ እያለ ግን አትሞክሩት። ቀጭን ማራዘሚያም አትጠቀሙ፤ ይግላል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ማሽኑ በ120 ቮልት ሙሉ አቅሙን እንደማይሰጥ አስቡበት። የ240 ቮልት መስመር ይሻላል።

ማሽኑ ላይ «200 አምፒር በ30 በመቶ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ በሙሉ ኃይል 3 ደቂቃ ብቻ ይሠራል ማለት ነው። በ80 አምፒር የሚሠራ ጀማሪን ይህ ብዙም አያስጨንቀውም።

ጋዙ

ንጹህ አርጎን ብቻ። የሚግ ማሽን (ሽቦውን በራሱ እየገፋ የሚበይድ) ያላቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የተቀላቀለ ጋዝ አይሆንም። ተንግስተኑን ወዲያው ያቃጥለዋል።

በሲሊንደሩ ላይ ፍሰትን በሊትር የሚያሳይ ሬጉሌተር ግጠሙ። በደቂቃ ከ7 እስከ 9 ሊትር ይበቃል። ብዙ በከፈታችሁ ቁጥር የተሻለ የሚሸፍን ይመስላል፤ አይደለም። ሲበዛ ጋዙ ይሽከረከርና አየር ይዞ ይገባል። በ150 ባር የተሞላ ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር 1,500 ሊትር ያህል ጋዝ ይይዛል። በደቂቃ 8 ሊትር ብትጠቀሙ ሦስት ሰዓት ገደማ እሳት ይሰጣችኋል። ቆም እያላችሁ ስለምትሠሩ ብዙ ቅዳሜዎች ያዘልቃል።

ሲሊንደሩን አቁማችሁ ከግድግዳ ጋር በሰንሰለት እሰሩት። ወድቆ አንገቱ ከተሰበረ እንደ ጥይት ይወነጨፋል። አርጎን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከአየርም ይከብዳል። በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ካፈሰሰ ከታች ተጠራቅሞ ሰው ሳይታወቀው ያፍናል። በር ክፈቱ። ንፋሱ ግን በቀጥታ በብየዳው ላይ እንዳይመጣ አድርጉ። ቀላል ነፋስ እንኳ ጋዙን ጠርጎ ይወስደዋል።

እዚህ ላይ የራሴን ላውራ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ብየዳዬ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነብኝ። እጄን ጠረጠርኩ፣ ብረቱን ጠረጠርኩ፣ ሽቦውን ቀየርኩ። ለካ የጋዝ ቱቦው ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበት ማሰሪያ በደንብ አልጠበቀም ነበር። በሳሙና አረፋ ስቀባው ፊኛ መሰለ። ከዚያ ወዲህ ሲሊንደር በቀየርኩ ቁጥር ማያያዣዎቹን ሁሉ አረፋ እቀባቸዋለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ዓይንና ቆዳ

ቲግ ስለማይጮህና ስለማይረጭ የዋህ ይመስላል። ብርሃኑ ግን ኃይለኛ ነው። ጭስ ስለማይከልለው ጭራሽ ይብሳል። ዓይን የተመታ ሰው ወዲያው አይሰማውም። ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል። ይህ ከደረሰባችሁ ወተትና ድንች ላይ ጊዜ አታጥፉ። ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ራሱ የሚጠቁር ማስክ ግዙ። ዝቅተኛ አምፒር ላይ እንደሚሠራ ጠይቁ። አንዳንዱ ርካሽ ማስክ የኤሌክትሮድን እሳት ያውቃል፤ የቲግን ትንሽ እሳት ግን አያውቅም። በመሀል ነጣ ጠቆር ካለ ጣሉት። ለ80 አምፒር ቁጥር 10 ጥቁረት ጥሩ መነሻ ነው። ዕድሜያችሁ ከ40 ያለፈ ከሆነ የማንበቢያ መነጽራችሁን ከማስኩ ሥር አድርጉ። ኩሬው የምስር ፍሬ ያህል ነው። ካልታየ አይሠራም። ይህን ምክር የሰጠኝ አንድ የምናለሽ ተራ ሽማግሌ በያጅ ነው፤ ከማሽን ለውጥ በላይ ጠቅሞኛል።

እጅጌው ረጅም የሆነ ወፍራም የጥጥ ልብስ ልበሱ። ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። አንገታችሁን ሸፍኑ፤ እዚያ ነው ፀሐይ እንደመታው የሚላጠው። ጓንቱ ቀጭን ቆዳ ይሁን፤ ሽቦውን በጣታችሁ መግፋት አለባችሁ። ግቢ ውስጥ ልጆች ካሉ በቆርቆሮ ወይም በወፍራም ሸራ ከልሉ። ልጅ ብርሃን ማየት ይወዳል።

ሁለት ነገር ፈጽሞ አታድርጉ። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ወይም ቆርቆሮ ዚንኩን ሳታነሱ አትበይዱ፤ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ሌላው ከዚህ ይከፋል። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ያረፈበትን ብረት አትበይዱ። ከእሳቱ ብርሃንና ሙቀት ጋር ሲገናኝ ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል። ለማጽጃ አሴቶን ተጠቀሙ፤ ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ጣሳውንም ራቅ አድርጉ።

ተንግስተኑን መሳል

1.6 ወይም 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይሆናል። ዓይነቱ በጫፉ ቀለም ይለያል። ቀይ ቶሪየም አለበት፤ ቶሪየም ጨረር አመንጪ ነው፤ ሲሳል የሚወጣው አቧራ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ለቤት ሥራ ላንታነም ያለበትን ወርቃማ ወይም ሰማያዊ፣ አሊያም ሴሪየም ያለበትን ግራጫ ውሰዱ። በዲሲ ሁሉም ጥሩ ይሠራሉ።

እንደ እርሳስ ይሳላል። የሾለው ክፍል ርዝመት የዘንጉን ውፍረት ሁለት ወይም ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይሁን። ዋናው ነገር የመሳያ ዲስኩ የሚተወው ጭረት አቅጣጫ ነው። ጭረቶቹ ከዘንጉ ወደ ጫፉ በርዝመቱ መውረድ አለባቸው። ዙሪያውን ከከበቡት እሳቱ ይቅበዘበዛል። ዲስኩ ለተንግስተን ብቻ ይሁን፤ ብረት የተሞረደበት ዲስክ ያቆሽሸዋል። የዓይን መነጽርና የአቧራ ማስክ አድርጉ።

ከሴራሚኩ አፍ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ አድርጋችሁ እሠሩት። አምስት ስድስት ዘንግ አስቀድማችሁ ሳሉ። በመጀመሪያው ቀን ኩሬውን ደጋግማችሁ ትነካላችሁ። በነካ ቁጥር ብረት ይለብሳል፤ ቆሞ እንደገና መሳል ግድ ነው። «ትንሽ ነው፣ ልቀጥል» ያለ ሰው ቀሪውን ሰዓት በከንቱ ያጠፋል።

ብረቱን ማጽዳት

ኤሌክትሮድ ዝገትንና ቀለምን በመጠኑ ይችላል። ቲግ ምንም አይችልም። ላሜራ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚለብሰው ጥቁር ቅርፊት ጭምር መነሳት አለበት። በግራይንደር ወይም በብርጭቆ ወረቀት ብርማ እስኪሆን አጽዱት። የምትበይዱበትን መስመር ግራና ቀኝ፣ ከኋላም በኩል አጽዱ። ከዚያ በአሴቶን በተነከረ ነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ሽቦውንም ጥረጉት። ጨርቁ ላይ የሚወጣውን ጥቁር ስታዩ ይገባችኋል። ለስቴንለስ የራሱ የስቴንለስ ሽቦ ብሩሽ ይኑራችሁ፤ ተራ ብረት የነካ ብሩሽ ዝገት ያሻግርበታል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ሽቦ አትንኩ

2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእጅ መዳፍ የሚያህል ላሜራ አዘጋጁ። ቶርቹን በኔጌቲቩ፣ የማሳውን (ከሚበየደው ብረት ጋር የሚያያዘውን) መቆንጠጫ በፖዘቲቩ ላይ ስኩ። ኤሌክትሮድ ለለመደ ሰው ይህ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ከተሳሳተ የተንግስተኑ ጫፍ ወዲያው ቀልጦ ኳስ ይሆናል።

ለአምፒር ቀላል ሒሳብ አለ። ለአንድ ሚሊ ሜትር ብረት 40 አምፒር ያህል። ስለዚህ 75 ወይም 80 ላይ አድርጉት። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የሚፈሰውን ጋዝ 8 ሰከንድ ላይ አድርጉት።

ቁጭ በሉ። ቆሞ መማር ከባድ ነው። ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ የቶርች እጃችሁ ትንሽ ጣት ብረቱን ይደገፍ። ማሽኑን ሳታበሩ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በባዶ ሂዱበት። መሀል ላይ ክንዳችሁ ከተያዘ አቀማመጣችሁን ቀይሩ።

አሁን ማስኩን አውርዱና ጫሩ። ተንግስተኑ ከብረቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። ቶርቹ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጀታው ወደመጣችሁበት በኩል ትንሽ ያዘንብል፤ 15 ዲግሪ ገደማ። አትንቀሳቀሱ። ጠብቁ። መጀመሪያ ብረቱ ይቀላል፣ ከዚያ ላብ ያወጣ ይመስላል፣ ከዚያ በድንገት መስታወት የመሰለ ክብ ይከፈታል። እሱ ነው ኩሬው። ወርዱ 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቀስ ብላችሁ ግፉት። እሳቱን አትዩ፤ የኩሬውን የፊት ጠርዝ እዩ። ከሰፋ ፍጠኑ፣ ከጠበበ ዘግዩ።

መጨረሻ ላይ ቁልፉን ልቀቁ፤ ቶርቹን ግን አታንሱ። ጋዙ መፍሰሱን እስኪጨርስ እዚያው ቁሙ። ወዲያው ካነሳችሁት የጋለው ብረትና ተንግስተን አየር ያገኛሉ፤ ተንግስተኑ ሰማያዊና ጥቁር ይሆናል።

ይህን ብቻ አርባ ሃምሳ መስመር ሥሩ። አሰልቺ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ እንደ እባብ ይጠማዘዛሉ። ወርዳቸው እኩል ሆኖ ሲገኝ፣ ያኔ ወደ ሽቦው።

ሽቦ መጨመር

ለተራ ብረት «ኢአር 70ኤስ-2» ወይም «ኢአር 70ኤስ-6» የሚል 1.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ ግዙ። በኦክስጅንና አሲቲሊን ብየዳ የሚጠቀሙበት ሽቦ መልኩ ይመሳሰላል፤ በቲግ ግን ይፈላል፣ ቀዳዳ ይሠራል። በቀለሙ አትመኑ፤ ጽሑፉን አንብቡ።

ሽቦው ከፊት በኩል፣ ዝቅ ብሎ፣ ከብረቱ ጋር 15 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይመጣል። ነካ ታደርጋላችሁ፣ ትመልሳላችሁ፣ ቶርቹ ትንሽ ወደፊት ይሄዳል፣ እንደገና ነካ። የምትነኩት የኩሬውን የፊት ጠርዝ ነው። እሳቱ ውስጥ ካስገባችሁት ጫፉ ኳስ ሆኖ ይወድቃል። ሽቦውን የሚያቀልጠው ኩሬው መሆን አለበት። ስትመልሱም ጫፉ ከጋዙ ሽፋን አይውጣ፤ የጋለ ጫፍ ወጥቶ አየር ካገኘ ቆሻሻ ይዞ ይገባል።

ሽቦውን በጣት መግፋት ለብቻው ይለመድ። እኔ ቴሌቪዥን እያየሁ ጓንት አድርጌ ሽቦ በጣቶቼ መሀል አሳልፍ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ እጄ ለመደው።

ሁለት ብረት ማገናኘት

በተደራቢ ጀምሩ፤ አንዱ ላሜራ ሌላው ላይ ተኝቶ። ከዚያ የማዕዘን፣ ከዚያ ጫፍ ለጫፍ። ክፍተት አትተዉ። ኤሌክትሮድ የለመደ ሰው ክፍተትን በብረት መሙላት ይወዳል። በቲግ ግን ክፍተቱ ጠርዞቹን እያቀለጠ ወደ ኋላ ይሸሻል። በሞረድ አስተካክሉና ይግጠም። ሁልጊዜ ቦታ ቦታውን በነጥብ ያዙት፤ አለበለዚያ ሙቀቱ ይጎትተዋል።

የማዕዘን ብየዳ ላይ ኩሬው ሁለቱንም ብረት ሳይዝ ሽቦ አትጨምሩ። ከላይ ያማረ፣ ከሥር ያልያዘ ብየዳ የሚወጣው እዚህ ነው። አንዱን በሞርሳ ያዙና በመዶሻ ሰብራችሁ እዩት። ሥሩ ከቀለጠ ይታያል። የሰው ክብደት የሚሸከም ነገር፣ መሰላል ወይም የመኪና አካል፣ ይህን ፈተና ደጋግማችሁ ሳታልፉና ባለሙያ ሳያይላችሁ አትበይዱ።

ስቴንለስ

304 ለሚባለው የተለመደ የስቴንለስ ዓይነት «ኢአር 308ኤል» ሽቦ ይሆናል። አምፒሩን ከተራ ብረት ቀነስ አድርጉ፤ ሙቀት ቶሎ ስለማይለቅ ይከማቻል። ቀለሙ ይነግራችኋል። ገለባማ ወርቃማ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ሰማያዊና ሐምራዊ ይቻላል። ግራጫና ጥቁር ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል ወይም ጋዙ አንሷል፤ እዚያ ቦታ በኋላ ሊዝግ ይችላል። ቧንቧ ከሆነ ከውስጥ በኩል ያለውን አስቡ። ብየዳው ዘልቆ ከገባና ውስጡ አርጎን ከሌለ ብረቱ እንደ ተቃጠለ ስኳር ይንኮረፈፋል። መደገፊያ ላይ ላይታይ ይችላል። ምግብ ወይም ወተት የሚያልፍበት ቧንቧ ላይ ግን ቆሻሻ ይይዛል። መፍትሔው የቧንቧውን ሁለት ጫፍ ዘግቶ፣ ትንሽ መውጫ ትቶ፣ በቀስታ አርጎን ማስገባት ነው። የስቴንለስ ጭስ ጎጂ ክሮሚየም ስላለበት ራሳችሁን ከጭሱ መንገድ አርቁ።

የመጀመሪያው ሥራ

ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ 5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ካሬዎች ቁረጡና ሣጥን ሥሩ። አሥራ ሁለት የውጭ ማዕዘን ይወጣዋል፤ ለልምምድ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ስድስተኛውን ፊት ከመክደናችሁ በፊት ውኃ ሙሉበት። የሚያንጠባጥብበት ቦታ ሽቦ ከመጨመራችሁ በፊት ኩሬው ያልተከፈተበት ነው። ከዚያ ውኃውን ድፉ፣ ፈጽሞ አድርቁት፣ በመክደኛው ላይ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። ውስጡ የታፈነው አየር ሲግል ይሰፋል፤ መውጫ ካጣ የመጨረሻውን ኩሬ ወደ ፊታችሁ ይተፋዋል።